ላይከን እና የውሃ አይጥ፣ እርዱኝ እስቲ

ጣና ዳር፦ ሰላም ናችሁ የባህር ዳር ልጆች፣ ታናሽ እህቴ የባዮሎጂ አሳይመንት ተሰጥቷት እኔ ላይ ጣለችው፣ አንድ ላይከንና አንድ ትንሽ አይጥ መሰል እንስሳ መርጣችሁ በምደባና በመጥፋት ስጋት አነጻጽሩ ይላል፣ እኔ እንደሁ ላይከን ማለት ግቢያችን ያለው ማንጎ ግንድ ላይ የተለጠፈው ሽበት ነገር መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው 😅 እሱ እፅዋት አይደል እንዴ?

የዘጌ ልጅ፦ እፅዋት ነው ባክህ፣ እኛ ጋ ቡናው ላይ ሞልቷል

ላብ ኮት፦ ኧረ አይደለም! ሁለት ፍጡር ተዳብሎ ነው፣ ፈንገሱ ቤት ይሆናል ውስጡ ያለው ዋቅላሚ (አልጌ) በፀሐይ ምግብ ይሰራለታል፣ ስሙም ምደባውም የሚሄደው በፈንገሱ ነው፣ ስለዚህ ኪንግደሙ ፈንጋይ፣ ፋይለሙ አብዛኛውን ጊዜ አስኮማይኮታ። ካላመንክ ማንጎው ላይ ውሃ ጠብ አድርግበት፣ አመድማው ወደ አረንጓዴ ይቀየራል፣ ዋቅላሚው ነው በሽፋኑ የሚታይህ።

አይጧን ከሩቅ አታምጣ፣ የኛዋ አለችልህ። ኒሎፔጋሚስ ፕሉምቤየስ፣ የውሃ አይጥ፣ እ.ኤ.አ በ1927 ግልገል አባይ መነሻው አካባቢ አንዲት ብቻ ተያዘች፣ ኦስጉድ የሚባል አሜሪካዊ በ1928 ስም አወጣላት፣ ቆዳዋ ቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ነው ያለው፣ በቃ ከዛ ወዲህ አልታየችም። ምደባዋ ፋይለም ኮርዳታ፣ አጥቢ፣ ኦርደሯ ሮደንሺያ፣ ፋሚሊዋ ሙሪዴ። ሬድ ሊስት ላይ (የመጥፋት ስጋት የሚመዘገብበት ዓለም አቀፍ ዝርዝር ነው) ክሪቲካሊ ኢንዴንጀርድ ናት፣ ማለትም ለመጥፋት እጅግ የተቃረበች፣ "ምናልባት የጠፋች" ተብሎ ተጨምሮባታል።

ጣና ዳር፦ ውይ ጉድ፣ ግልገል አባይ? የማንጎው ላይከንስ ስታተሱ ምንድነው?

ላብ ኮት፦ እሱን ተወው፣ አብዛኛው ላይከን ጭራሽ አልተገመገመም። ኤሪዮደርማ ፔዲሴላተም የሚባለውን ላይከን ጻፉ፣ ኒውፋውንድላንድና ስካንዲኔቪያ እርጥብ ጫካ ውስጥ ያለ ነው፣ እ.ኤ.አ በ2003 ሬድ ሊስት ላይ እሱም ክሪቲካሊ ኢንዴንጀርድ ተብሎ ገባ። ሥር ስለሌለው የሚፈልገውን ከአየርና ከዝናብ ነው የሚስበው፣ የፋብሪካ ጭስ አይችልም። እኔን የሚገርመኝ ሁለቱ አንድ ማዕረግ ላይ መቀመጣቸው ነው፣ ላይከኑን ዛፍ ለዛፍ እየዞሩ ይቆጥሩታል፣ አይጧ ግን በአንድ ቆዳ ብቻ ነው የምትታወቀው።

የዘጌ ልጅ፦ እሺ ተሸነፍኩ፣ ቡናው ላይ ውሃ ረጭቼ አየሁት፣ እውነትም አረንጓዴ ሆነ

ጣና ዳር፦ ግልገል አባይ የሚነሳበት ሰከላ አጎት አለኝ፣ ደውዬ ወንዙ ዳር የውሃ አይጥ አይተህ ታውቃለህ ጋሼ አልኩት፣ "አይጥ ከጠፋ እሰየው፣ ጎተራዬን ጨረሱትኮ" ብሎ ዘጋብኝ