የፍሬዲ ፊልም እና የእኛ ሰባ ሰባት

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦
ጀማው፣ እንድትከራከሩልኝ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ቅዳሜ ማታ ቤት ተሰብስበን «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»ን አየን። የእንግሊዙ ኩዊን ባንድ ዘፋኝ የፍሬዲ ሜርኩሪ ሕይወት ነው። በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ፊልም ነው፣ እኔ ግን ገና አሁን ማየቴ ነው። ወንድሞቼ አብረው ሲያጨበጭቡ አመሹ። እኔም ወድጄዋለሁ። መጨረሻው ላይ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ይመጣል። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። «ይሄ ሁሉ ሕዝብ ምን ሊያደርግ ነው የተሰበሰበው?» አለችኝ። «ለእናንተ ነው እማ፤ ለሰባ ሰባቱ ረሃብ» አልኳት። ትንሽ አየች። ከዚያ ምንም ሳትናገር ተነስታ ጓዳ ገባች።

እናቴ የላስታ ልጅ ናት። በ77 ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከአያቴ ጋር በእግሯ ኮረም ድረስ ሄዳለች። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ለዓለም ያሳየው የኮረሙን መጠለያ ነው። ምስሉን የቀረጸው ኬንያዊው ሙሐመድ አሚን ነበር። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ያንን ዘገባ አይቶ ነው ሙዚቀኞችን ማሰባሰብ የጀመረው። ኮንሰርቱም ሐምሌ 6 ቀን 1977 ለንደን ዌምብሌይ እና ፊላደልፊያ ላይ ተደረገ።

ፊልሙ ውስጥ ግን ነገሩ ሁሉ የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። ከባንዱ የተጣላ ዘፋኝ ይታረቃል፣ መታመሙን ይናገራል፣ መድረክ ላይ ይወጣል። በኋላ ሳነብ ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ የዘፋኝን ሕይወት ፊልም ሲያደርጉት፣ የሆነውን ነገር እንደፈለጉ መለወጥ ይቻላል ወይ? እኔ አይቻልም ባይ ነኝ። እናቴ ጓዳ ስትገባ ስላየሁ ይሆናል፣ ግን አይቻልም።

የኮምቦልቻው፦
አብሽሪ እህቴ። ለእናትሽ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። በሐሳቡ ግን አልስማማም።

ፊልሙን ሦስቴ አይቼዋለሁ። ወላሂ ሦስቴም አልቅሻለሁ። ያኔም ብዙ ሐያሲዎች ነቅፈውታል። ሕዝቡ ግን ሲኒማ ቤቱን ሞላው። ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። አራት ኦስካር ወሰደ። ፍሬዲን ሆኖ የተጫወተው ራሚ ማሌክም በምርጥ ተዋናይነት ተሸለመ። ይሄ ሁሉ ተመልካች ተሳስቷል ልንል ነው?

ይሄ ነገር ለእኛ ለወሎዎች ሊከብደን አይገባም። መንዙማ የአንድን ሼኽ ሕይወት ሲያወድስ ማን ቀን ይቆጥራል? በየትኛው ዓመት የት ነበሩ ብሎ ማን ይጠይቃል? የሚፈለገው ፍቅሩ ነው። የሰው ልብ እንዲርስ ነው። ፊልሙም 15 ዓመት ሙሉ የሆነን ነገር ሁለት ሰዓት ከሩብ ውስጥ ማስገባት አለበት። ሳያጥፍ እንዴት ይችላል?

ደግሞ ረሃቡን ጨርሶ አልረሳውም። ፍሬዲ ከኮንሰርቱ በፊት ወላጆቹ ቤት ሄዶ ለተራቡት ልጆች በነጻ እንደሚዘፍኑ ለአባቱ ይነግራል። አባቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመክረው የኖረውን፣ በጎ ሐሳብ፣ በጎ ቃል፣ በጎ ሥራ የሚለውን፣ እዚያ መልሶ ይነግረዋል። አባቱ ሲያቅፈው እኔ እዚያ ጋ ነው የማልችለው።

ከወልድያ፦
የአባቱ ነገር እኔንም ይነካኛል። መንዙማውን ግን ተወው ወንድሜ። መንዙማ ታሪክ ልነግራችሁ ነው ብሎ አይመጣም። ፊልሙ የሰዎቹን እውነተኛ ስም ይጠራል፣ ዓመተ ምሕረት በጽሑፍ ያስቀምጣል። እንደዚያ ካደረግህ በኋላ «ስሜት ነው» ማለት አያዋጣም።

እኔ ሠርግ ላይ ጊታር እጫወታለሁ። ስለዚህ ያበገነኝ ሌላ ነገር ነው። ፊልሙ ባንዱ ተበትኖ ለላይቭ ኤይድ ሲል እንደተሰበሰበ አድርጎ ያሳያል። ኩዊን ግን በ1984 ጀምረው እስከ ግንቦት 1985 ድረስ ዓለምን እየዞሩ ሲጫወቱ ነበር። የመጨረሻው ጃፓን ነው። እነዚህ ቀኖች በፈረንጆቹ ናቸው። ኮንሰርቱ የመጣው ከዚያ ሁለት ወር በኋላ ነው። ሌላም አለ። ፍሬዲ ለብቻው አልበም መሥራቱን ፊልሙ እንደ ክህደት ያቀርበዋል። ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር ግን ከእሱ በፊት ሁለት የራሱ አልበሞች ነበሩት።

ለምን ይሄን እላለሁ? ያቺ በላይቭ ኤይድ ያቀረቧት 20 ደቂቃ አካባቢ የሆነች ሥራ ዛሬም ድረስ የሚነገርላት በእርቅ እንባ አይደለም። በልምምድ ነው። እጃቸው ሙቅ ነበር። አብሮ የሰነበተ ባንድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ሳይተያዩ ይገባሉ፣ ሳይተያዩ ይወጣሉ። እውነቱ ከፊልሙ የበለጠ ያምራል፤ ለወጣት ሙዚቀኛም የበለጠ ትምህርት ይሆነዋል።

የኮምቦልቻው፦
እሺ፣ በዚህ ረታኸኝ። ልምምድ ግን በፊልም እንዴት ይታያል? አንድ ሰው አንድን ነገር መቶ ጊዜ ሲደጋግም ማን ቁጭ ብሎ ያያል?

ከወልድያ፦
እኔ አያለሁ።

ከሐይቅ፦
እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ስለ ባንዱ ብዙም አላውቅም። እኔን ያመመኝ የምርመራው ነገር ነው።

ፊልሙ ፍሬዲ ኤችአይቪ እንዳለበት ከኮንሰርቱ በፊት አውቆ ለባንዱ ሲናገር ያሳያል። የሚታወቀው ግን ያወቀው በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1987 አካባቢ መሆኑ ነው። ለሕዝብ ያሳወቀው ደግሞ በኖቬምበር 1991፣ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ነው። እስከዚያ ዝም ብሏል። ያ ዝምታ የእሱ ነበር።

ሰው ውጤቱን ሲቀበል ፊቱ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ለማን እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚናገር የሚወስነው ሰውዬው ብቻ ነው። እዚህ አገር ስንቱ ለእናቱ እንኳን ሳይናገር ሞቷል። ስንቱስ ለመናገር ዓመታት ፈጅቶበታል። ፊልም ሠሪ ተነስቶ ያንን ቀን «እዚህ ጋ ቢሆን ያስለቅሳል» ብሎ ሲያዛውረው እኔ ልክ ነው አልልም። የሞተ ሰው ተነስቶ አይከራከርም።

የግል ሕይወቱን በተመለከተ አንዳንዱ ብዙ አሳየ ይላል፣ አንዳንዱ ደበቀ ይላል። እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ሕመሙ ግን ቀን አለው።

ከባቲ፦
የሐይቋ እህቴ፣ «የሞተ ሰው ተነስቶ አይከራከርም» ያልሽው ዋናው ነገር ነው። ታዲያ ስለ እሱ ማን ተናገረ? ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ እና ሮጀር ቴይለር በሕይወት ያሉ ናቸው። ፊልሙ ሲሠራ በአማካሪነትም በሙዚቃው ኃላፊነትም ነበሩበት። ዘፈኑን የሚፈቅዱት እነሱ ናቸው። ከዚያ ፊልሙን እዩት። ሁልጊዜ የሚያጠፋው ፍሬዲ ነው፣ ይቅር የሚሉት እነሱ ናቸው። ክፉ ሰዎች ናቸው እያልኩ አይደለም። ለጓደኛቸው ካላቸው ፍቅር ይሆናል። ግን ተራኪው ማን እንደሆነ ማወቅ አለብን።

በአገራችን ለቅሶ ላይ አልቃሽ አለች። የሟችን ሕይወት በግጥም ታወርዳለች። ታሞግሳለች፣ ትጨምራለች፣ አንበሳ ነበር ትላለች። ማንም አይቆጣትም። ግን ያልተደረገ ነገር ተደረገ ብትል፣ ከወንድሙ ጋር ያልተጣላውን ተጣልቶ ነበር ብትል፣ ድንኳኑ ውስጥ ማጉረምረም ይነሳል። ማሞገስ ሌላ፣ መፍጠር ሌላ። የኮምቦልቻው ወንድሜ፣ የመንዙማውን ነገር እኔ በዚህ ነው የምመልስልህ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ወሎ የአራቱ ቅኝቶች አገር ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ለኔ። ሁለቱ የአገራችንን ቦታ ስም ይዘዋል፤ አንደኛው የእኔን ከተማ። ነገ አንድ ሰው ተነስቶ የማሪቱ ለገሰን ሕይወት ፊልም ላድርግ ቢል ምን እንላለን? እኔ ቢሠራ ደስታውን አልችለውም። አምባሰልን በእሷ ድምፅ የሰማ ሰው ይገባዋል። ግን የተሰደደችበትን ዘመን ማን ይነግረናል? ለማሳመር ሲባል ያልነበረ ጠብ፣ ያልነበረ ፍቅር ይጨመርበት? ልጆቻችን ነገ ማሪቱን የሚያውቋት በዚያ ፊልም ነው። ድምፁስ የማን ይሆናል? እነሱ እንኳን በዚህ አልቀለዱም። በአብዛኛው የፍሬዲን የራሱን ቅጂ ተጠቅመው፣ የጎደለውን ማርክ ማርቴል በሚባል ካናዳዊ ዘፋኝ ሞልተዋል። ለድምፁ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው ለሕይወቱ ለምን አይጠነቀቅም?

የኮምቦልቻው፦
የአልቃሿ ነገር ገብቶኛል። ሀቂቃ፣ የምርመራውንም ነገር አላውቅም ነበር። እሱ ባይነካ ይሻል ነበር።

ግን አንድ ነገር አልለቅም። እኛ ሰፈር ያሉ ወጣቶች ላይቭ ኤይድ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም ነበር። የእኔ ታናሽ ወንድም ፊልሙን አይቶ ነው «ይሄ የእኛ ረሃብ ነው እንዴ?» ብሎ የጠየቀኝ። ሰባ ሰባት ለእሱ የአያቶች ወሬ ነበር። ያን ቀን አያታችን ጋ ሄዶ ቁጭ አለ። ትክክለኛ የሆነ፣ ማንም የማያየው ፊልም ቢሆን ይሄ ይመጣ ነበር?

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦
ወንድሜ፣ ይሄን እኔም አልክድም። በእኛም ቤት የሆነው እሱ ነው።

ትናንት የእውነተኛውን ኮንሰርት ቅጂ አግኝቼ ለእናቴ ከፈትኩላት። እንዳትነሳ ፈርቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኩዊን ተጫውተው ወረዱ። ፊልሙ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው። በእውነተኛው ግን ዌምብሌይ ላይ ቀጥሎ ዴቪድ ቦዊ ይወጣል። ቦዊ ከተሰጠው ሰዓት ላይ አንድ ዘፈኑን ትቶ፣ በምትኩ የረሃቡ ቪዲዮ እንዲታይ አድርጓል። ያ ሁሉ ሕዝብ የእኛን ሰዎች አየ። ፊልሙ አምስት ደቂቃ ቢጨምር፣ ወይም በአንድ መስመር ጽሑፍ እንኳን ቢያነሳው፣ እኔ ይሄን ክርክር አላነሳም ነበር።

እናቴ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየችው። አላለቀሰችም። ቀኑን ጠየቀችኝ። «ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ» አልኳት።

«ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው» አለች። «በዚያ ዓመት ግን ገበያ የሚወጣ እህል አልነበረም።»

ከዚያ በረካው እስኪቀዳ ድረስ ስለ መንገዱ፣ ስለ አያቴ፣ ስለ ኮረም ብርድ አወራችኝ። እስከ ዛሬ ነግራኝ አታውቅም።

ከባቲ፦
እህቴ፣ ደግማ ስታወራሽ አስፈቅደሽ ድምፅዋን በስልክሽ ቅጅው።