የሬዚን ፋውንቴን ብዕር፦ የክዳኑ ጥርስ ላይ አረፋ አስቸገረኝ

ጠያቂ (አዲስ አበባ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሬዚን (ፈሶ ከሚጠነክር ፕላስቲክ) ፋውንቴን ብዕር እየሠራሁ ነው። የምጠቀመው ኢፖክሲ የሚባለውን ሬዚን ነው፤ ሲሊኮን ፎርማ ላይ አፈሳለሁ፣ ሲደርቅ በትንሽ ቶርኖ ቅርጽ አወጣለታለሁ። ከላይ ሲታይ መስታወት ይመስላል። ግን ለክዳኑ ጥርስ (የሚጠመዘዝበትን መስመር) ሳወጣ ውስጥ ተደብቆ የነበረ አረፋ ይከፈትና ጥርሱ እዚያው ላይ ይሸረፋል። ሳፈሰው በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አደርገዋለሁ፤ ላይ ላዩን ያለው ይፈነዳል፣ የውስጡ ንቅንቅ አይልም። ፕሬሸር ኩከር ውስጥ አስቀምጠው ያሉኝ ሰዎች አሉ፣ የሞከረ አለ? ደግሞስ የብዕሩን ጫፍ ራሴ ልሥራው ወይስ ልግዛ?

ቶርኖ ቤት፦
ወንድሜ፣ የወጥ ፕሬሸር ኩከሩን ተወው። እሱ የተሠራው ለ1 ባር ገደማ ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፣ አንተ የምትፈልገው ደግሞ ከ3 እስከ 4 ባር። ኮምፕረሰር ብታገናኝበት ክዳኑ ተወርውሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ለዚህ የሚሆነው ስንት ባር እንደሚችል የተጻፈበት፣ ሴፍቲ ቫልቭ ያለው የአየር ግፊት ታንክ ነው። ከተጻፈው በላይ ደግሞ ቅንጣት አትጨምር።

ፎርማውን ካፈሰስክበት በኋላ ታንኩ ውስጥ ታስገባና አየር ትሞላለህ። አረፋው ወጥቶ አይሄድም፣ ተጨምቆ ዓይን እስከማያየው ድረስ ያንሳል፣ እንደዚያው እንዳለ ይደርቃል። ስለዚህ ሬዚኑ ሳይጠነክር አየሩን ከለቀቅከው አረፋው ተመልሶ ያብጣል። ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ ከሆነ ግፊቱ ላይ ይደር። የሲሊኮን ፎርማው ራሱ ውስጡ አረፋ ካለበትም ግፊት ሲገባ ይጎደጉዳል፣ የምታወጣው ዘንግ ጎርባጣ ይሆናል። ፎርማውንም በግፊት ሥር ነው መሥራት ያለብህ።

ከሜሪላንድ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ስለ ከፍታው ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይሄ ይጠቅምሃል፦ የታንኩ ግፊት ማሳያ (ጌጁ) 4 ባር ሲያሳይ አረፋው ባሕር ወለል አጠገብ ወደ አንድ አምስተኛ፣ አንተ ጋ ወደ አንድ ስድስተኛ ያንሳል። ቶሎ ይደርቃል ብለው ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ሌላ ሬዚን ከሰጡህ ግን ክረምት ላይ አትንካው። እርጥበት ሲያገኝ ራሱ ጋዝ እየፈጠረ አረፋ ይሞላል። ኢፖክሲህ ላይ ቆይ። ጓንት አድርግ እባክህ፣ ቆዳ ላይ አለርጂ ካስነሳ በኋላ አይለቅም። ስትልግ ደግሞ ማስክ።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ግን አንዳንዴ አረፋ በሌለበትም ይሸረፋል፣ እሱስ?

ብዕር ወዳጅ፦
እሱ ወይ ችኮላ ነው ወይ የደነዘዘ መቁረጫ። ኢፖክሲ በማግስቱ ደርቆ ይታያል እንጂ ገና ነው፣ ሳምንት ያህል አቆየው። መሃሉን ስትበሳ ትንሽ ገባ፣ ወጣ፣ ፍርፋሪውን ጠርገህ ቀዝቀዝ ሲል እንደገና። ዘንጉን አስረዝመህ ቁረጥና እስከ ዳር ድረስ አትብሳው፤ የሚሰነጠቀው ፑንታው በሌላ በኩል ሲወጣ ነው። ጥርሱንም በአንድ ትንፋሽ አታውጣ፣ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ።

ጫፉን ግዛ። ወረቀት የሚነካው ነጥብ ላይ የሚበየደው ጠጣር ብረትና ቀለም የሚያወርደው ቀጭን መስመር በቤት መሣሪያ የሚሞከሩ አይደሉም። ብዙ ሠሪዎች ጆዎ የሚባለው የበርሊን ድርጅት የሚሠራውን 6 ቁጥር ጫፍ ነው የሚገጥሙት። መግጠሚያው 7.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 0.5፤ ለእሱ የሚሆን ጥርስ ማውጫ አብረህ እዘዝ፣ ተራ ሱቅ አታገኘውም። ለክዳኑ ደግሞ ሦስት መነሻ ያለው (ሦስት መስመር ጎን ለጎን የሚዞርበት) ጥርስ ያዝ። ርቀቱ 0.8 ከሆነ በአንድ ዙር 2.4 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ ክዳኑ ቶሎ ይከፈታል።

ቶርኖ ቤት፦
ታንኩን ስታገኝ አየር ከመሙላትህ በፊት ላዩ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልን፣ አብረን እናየዋለን።