ነሐሴ ላይ ወደ በርጋ ለምሽት የወፍ ጉዞ፦ ምክር እፈልጋለሁ

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፣ አንድ አባት
የ11 ዓመት ልጄ ወፍ ስታይ ብትውል አይሰለቻትም። ከአዲስ ዓለም ወደ ሰሜን ገባ ብሎ ባለው የበርጋ ረግረግ በክረምት ባለ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል (White-winged Flufftail) የምትባል ብርቅዬ ወፍ እንደምትራባ ሰምታ «ካልወሰድከኝ» ብላ ይዛኛለች። ቅዳሜ እስከ ቀትር ስለምሠራ የምንደርሰው ወደ ማታ ነው። በዚያ ሰዓት ማየት ይቻላል? አነስተኛ የቤት መኪና ያወጣናል? ጫማስ?

መልስ፦ አስጎብኚ
ለልጅዎ አስቀድመው ይንገሯት፤ ፍላፍቴይልን ላታያት ትችላለች። ወፏ በጣም ትንሽ ናት፤ በሣሩ ሥር እንደ አይጥ ትሹለከለካለች እንጂ እምብዛም አትበርም። የወንዱ ራስና አንገት የሸክላ ቀለም አለው፤ ሲነሣ ክንፉ ላይ ነጭ ብልጭ ይላል፣ ወዲያው ይሰወራል። ያችን ብልጭታ ለማየት ሲሉ ሣሩን እየረገጡ የሚያስነሷት ሰዎች አሉ። እባክዎ ይህን አያድርጉ! ጎጆዋ ውሃ ባዘለ ሣር መሀል ነው፤ አንድ የተሳሳተ እርምጃ እንቁላሉን ይጨርሰዋል። በዓለም ላይ ለመራባት የደረሱት ከ250 እንደማያልፉ ይገመታል፤ መራባታቸው የተረጋገጠውም በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው።

መልስ፦ የበርጋ ልጅ
እንኳን ደህና መጡ እላለሁ፤ ግን መጀመሪያ የአካባቢውን ሰዎች ያስፈቅዱ። በመራቢያው ወራት ከብት ወደዚያ ሣር እንዳይገባ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፤ ለራሳቸው ከብት ሣር እያስፈለጋቸው የሚከፍሉት ዋጋ ስለሆነ ሊከበር ይገባል። አፈሩ መረሬ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ጎማ ውጦ ያስቀራል። መኪናዎን ጠጠሩ መንገድ ላይ አቁመው በእግር ይግቡ። እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ ያድርጉ፤ ለልጅቷ ደግሞ ቅያሪ ካልሲ ይያዙ።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት
እኔ ብሆን ለመጀመሪያው ጊዜ እንጦጦን ተሻግሬ ወደ ሱሉልታ ሜዳ እወስዳት ነበር። ልጆቼን ባለፈው ነሐሴ ወስጃቸው ነበር። ዊዶበርድ (widowbird) የሚባል ወፍ አለ፤ በበጋ ሴቷን የሚመስለው ቡናማው ወንድ በክረምት የሠርግ ልብሱን ይለብሳል፦ መላ አካሉ ጥቁር፣ አናቱና አንገቱ ላይ ደም የመሰለ ቀይ፣ ጅራቱ ከቀሪ አካሉ የሚረዝም። አንዱ ከአጥር ጫፍ ተነሥቶ ከሣሩ በላይ ቀስ እያለ ሲበር ጅራቱ በዝናብ ርሶ ወደ ታች ይጎትተው ነበር። ልጄ እስከ ዛሬ የምትሥለው እሱን ነው። ጀርባው ቢጫ የሆነ ሌላም አለ። ይህን ሁሉ ያየነው ከመንገድ ዳር ሆነን ነው፣ ሣሩን አልነካንም።

ጥያቄ፦ ያው አባት
አመሰግናለሁ፤ ልጄም ሱሉልታን መርጣለች፣ «እንቁላሉን እንዳንረግጥ» አለችኝ። ስንት ሰዓት እንድረስ? ባይኖኩላርስ?

መልስ፦ አስጎብኚ
ከሰዓት በኋላ ያለው ዝናብ ካባራ በኋላ፣ 11 ሰዓት ላይ ይድረሱ። ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ብሎ ነው። በምዕራብ በኩል ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አዙሩ፤ የወፉ ቀይ ቀለም የሚደምቀው ብርሃኑ ከጀርባችሁ ሲመጣ ነው። ባይኖኩላሩ 8 በ42 ይሁን፣ ማለትም 8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ፤ የፊት መስታወቱ ሰፊ ስለሆነ ሲመሻሽም ጥርት አድርጎ ያሳያል። የወፍ ድምፅ በስልክ አታጫውቱ፤ ወንዱ ባላንጣ የመጣበት መስሎት በከንቱ ይባክናል።