ጥንቸሌ ሶፋ ላይ መሽናት አልተውም አለች፣ ምን ላርግ?

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ሀዋሳ ታቦር አካባቢ ነኝ፣ ቤት ውስጥ የማሳድጋት አንዲት ነጭ ጥንቸል አለችኝ፣ አምስት ወር ገደማ ሆኗታል። ትንሽ እያለች ጎበዝ ነበረች፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ድርቆሹን እዛው ሳደርግላት (ጥንቸል እየበላች ነው የምትጸዳዳው) እዛው ትጨርስ ነበር። ካለፉት ሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ምን እንደነካት እንጃ፣ በጠጧን እንኳ ተዉት ደረቅ ስለሆነ በመጥረጊያ ይነሳል፣ ሽንቷ ነው ያስመረረኝ፣ ሶፋው ላይ ዘላ ትወጣና ጭራዋን ቀና አርጋ አይን አይኔን እያየች ትለቀዋለች!! ትናንት የእማዬን ነጠላ አበላሸችው፣ እማዬ ደግሞ "ወይ እሷ ወይ እኔ" ብላለች።

በኮምጣጤ አጥቤዋለሁ፣ ሽታው ጠፋ ስል እዛው ቦታ ትመለሳለች። ሳፋው ላይ በጋዜጣው ፈንታ የጥድ ሰጋቱራ ላድርግላት ብል ለጤናዋ ጥሩ አይደለም ሲሉኝ ተውኩት፣ የድመት አሸዋም (ድመት የምትጸዳዳበት) አንዳንዱ እርጥበት ሲነካው ስለሚጓጉል ከበላችው ሆዷን ይዘጋል ብዬ ፈራሁ።

ጉርምስና ነው፣ ቦታዋን ምልክት እያረገች ነው፣ መፍትሄው ማህፀኗን በኦፕራሲዮን ማስወጣት ነው የሚሉ አሉ። እዚህ ያነጋገርኩት የእንስሳት ሐኪም ግን ከብትና በግ እንጂ ጥንቸል ሰርቶ አያውቅም፣ እኔም ማደንዘዣው ያስፈራኛል። ሀዋሳ ወይ አዲስ አበባ ያሰራችሁ አላችሁ? ሳትሰራስ የተወችላችሁ? ሳፋውን ሶፋው ላይ ላውጣላት ወይስ ጭራሽ ሳሎን እንዳትገባ ልከልክላት? እማዬ ሳትወስን ቶሎ መልሱልኝ በናታችሁ