የእማዬ ትከሻ ተያዘ፤ ወጌሻ ጋ ልመልሳት?

ሰላም ጎንደሮች፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። እማዬ 58 ዓመቷ ነው፤ ስኳርም አለባት። ከአራት ወር ወዲህ ቀኝ ትከሻዋ ተይዞ ነጠላዋን እንኳ ማጣፋት አልቻለችም። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛትማ አይታሰብም። መጀመሪያ አዘዞ ያለ ወጌሻ በቅቤ አሽቶ ክንዷን በኃይል ወደ ላይ ሳበው፤ ሳምንት ሙሉ ስታቃስት ከረመች። ሐኪም ግን ስብራትም ውልቃትም የለም፣ የመገጣጠሚያው ሽፋን ደርቆ ነው፣ ስኳር ባለበት ሰው ይበዛል አለን። ፊዚዮቴራፒስቷ ትከሻዋን በእጇ ቀስ እያለች ታንቀሳቅሳለች፤ ቤት ደግሞ ጣቶቿን በግድግዳ ላይ ወደ ላይ እንድታስኬድ አዘዘቻት። አምስት ጊዜ ሄድን፣ ለውጡ ጥቂት ነው። ዘመድ ሁሉ «ወጌሻው ጋ መልሳት» ይለኛል፤ እኔ ግን ፈራሁ። እንዲህ ሆኖ የዳነ አለ? ስንት ወር ፈጀባችሁ? ማራኪ አካባቢ ቤት ድረስ የሚመጣ ፊዚዮቴራፒስት የምታውቁም እባካችሁ ጠቁሙኝ።