የሱፐርማርኬት ነጥብና የሞባይል ተመላሽ በአንድ ግዢ ላይ ይደረባሉ? (ሐዋሳ)

አስቤዛ_ሐዋሳ
ሰላም ለሁላችሁ። ለአምስት ሰው ቤት በወር ወደ 12,000 ብር ለአስቤዛ ይወጣል። ከዚህ 4,000 ያህሉ ፒያሳ አካባቢ ባለ ሱፐርማርኬት ነው የሚገዛው። የነጥብ ካርድ አላቸው፤ በየ100 ብሩ 1 ነጥብ፣ 1 ነጥብ ደግሞ 1 ብር፤ 200 ነጥብ ሳይሞላ ግን አይመነዘርም። የምንከፍልበት የሞባይል ገንዘብ በበኩሉ ለጊዜው 2 በመቶ ተመላሽ እየሰጠ ነው፣ ጣሪያው በአንድ ቁጥር በወር 50 ብር። እኔም ባለቤቴም የየራሳችን ካርድና ሂሳብ አለን። ሁለቱን መደረብ ይቻላል? ቀሪውን 8,000 ብርስ ወደዚያው ሱፐርማርኬት ማዞር ያዋጣል?

ሒሳብ_ቤት
ይደረባል። ነጥቡን የሚሰጠው ሱቁ ነው፣ ተመላሹን የሚሰጠው ክፍያውን የሚያስተላልፈው ድርጅት ነው፤ አንዱ የሌላውን አያይም። እናንተ ጋ ያለው ችግር አከፋፈሉ ነው። ነጥቡን አንድ ላይ አድርጉ፣ ክፍያውን ለሁለት ክፈሉት።

በሁለት ካርድ ከገዛችሁ በወር 20፣ 20 ነጥብ ስለሚደርሳችሁ 200 ለመሙላት 10 ወር ይፈጃል። በአንድ ካርድ ከሆነ 40 ነጥብ፣ 5 ወር። ነጥቡ ጊዜው የሚያልፍበት ከሆነ ይህ ልዩነት ነጥቡን በማግኘትና በማጣት መካከል ነው። ስለዚህ ባለቤትሽም ሲገዛ ያንቺን የካርድ ቁጥር ይናገር።

ተመላሹ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የ50 ብር ጣሪያ 2,500 ብር ላይ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ በዚያው ቁጥር የሚከፈል ምንም አያመጣም። 2,500 ካንቺ፣ 1,500 ከእሱ ቢከፈል 50 እና 30፣ በድምሩ 80 ብር ነው። ከ40 ነጥብ ጋር 120 ብር፣ ማለትም 3 በመቶ። ሁሉም ካንድ ስልክ ቢከፈል 90 ብር ላይ ይቆማል።

አንድ ደረሰኝ ለሁለት ስልክ ማካፈል አብዛኛው ካሸር ስለማይፈልግ ግዢውን ራሱን ለሁለት ክፈሉት። ግን አታብዙት፤ ሽርፍራፊውን የማይቆጥር ሲስተም ከሆነ የ90 ብር ግዢ አስር ጊዜ ቢደጋገም ነጥቡ ዜሮ ነው።

ካሽ_ሬጅስተር
ከላይ ያለው ስሌት ልክ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ጥቅሙን የሚያጣው ካሸሩ ፊት ነው።

የካርድ ቁጥሩን እቃው ከመመታቱ በፊት ተናገሪ። ደረሰኙ አንዴ ከታተመ በኋላ ነጥብ ለማስገባት ደረሰኙን መሰረዝ ይጠይቃል፣ ለ25 ነጥብ ብሎ ማንም አይሰርዝልሽም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ኔትወርክ ሲያስቸግር ካሸሩ «በዚህ ቁጥር ላኪልኝ» ብሎ የግል ስልክ ይሰጣል። ያ ከሰው ወደ ሰው የተላከ ገንዘብ ሆኖ ይመዘገባል እንጂ ግዢ አይደለም፤ ተመላሽ የለውም፣ ከዚያም በላይ ሱቁ ገንዘቡን አላገኘሁም ቢል መከራከሪያ የለሽም። የነጋዴ ኮድ ወይም ኪውአር ካልሆነ አትክፈይ። ከማረጋገጥሽ በፊት ስክሪኑ ላይ የድርጅቱ ስም መውጣቱን እዪ።

የማረጋገጫውን አጭር መልእክትም ተመላሹ እስኪገባ አታጥፊው፤ የግብይት ቁጥሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከባንክ ወደ ሞባይል ስታስገቢ የአገልግሎት ክፍያ ካለ በወር አንዴ አስገቢ። በየግዢው 500፣ 500 እያደረጉ ማስገባት ተመላሹን መልሶ ይበላዋል።

ገበያ_ቀን
8,000ውን አታዙሪው! ነጥብ የሚባል ነገር የሚያዋጣው ዋጋው እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ጣሪያችሁን ሁለታችሁም ከሞላችሁ በኋላ የሚቀራችሁ 1 በመቶ ነው። በጤፍ እንየው፤ ከሸማቾች ማህበር ወይም ከእህል ነጋዴ አንድ ኩንታል ለአራት ቤት ተካፍላችሁ በኪሎ 3 ብር ብቻ ቢረክስላችሁ፣ በ25 ኪሎ 75 ብር ነው። ያን ያህል በነጥብ ለማግኘት 7,500 ብር መገብየት አለባችሁ። ኩንታሉ ሚዛን ላይ ይውጣ፣ ከመሃሉም ዘግናችሁ እዩት፤ ላይ ላዩ ንጹህ ሆኖ ውስጡ እብቅና አፈር ከሆነ በኪሎ ያተረፋችሁት ሲበጠር ይቀራል።

ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች ከእሁድ ገበያ። ዓሣ ደግሞ ከሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል። ባጃጁን ግን ሒሳብ ውስጥ አስገቡት፤ ለአምስት ኪሎ ሽንኩርት ኮንትራት ይዞ መመለስ ቅናሹን ለባጃጁ መስጠት ነው።

አስቤዛ_ሐዋሳ
በጣም አመሰግናለሁ። ሱፐርማርኬቱ በወር አንድ ቀን ነጥቡን እጥፍ ያደርጋል። ደመወዝ ሳይገባ ቀኑ ከደረሰ ከሞባይሉ ላይ ተበድሮ መግዛትስ?

ሒሳብ_ቤት
እጥፍ ቀን ማለት 2 በመቶ ነው። ብድሩ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጥበታል፣ ሲዘገይም ይጨምራል። 3,000 ብር ብትበደሪ ከእጥፉ የምታገኚው ተጨማሪ ጥቅም 30 ብር ነው፤ ክፍያው ከ30 ብር በላይ ከሆነ ከስረሻል። ይልቅ ካለፈው ወር ትንሽ አስቀርተሽ ለዚያ ቀን የማይበላሸውን ብቻ አቆዪ፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ዳይፐር። የዘይትና የሳሙናን ዋጋ ከሁለት ቀን በፊት ፎቶ አንሺ፣ እጥፍ ቀን ሲደርስ መለያው ላይ 10 ብር የሚጨምር ሱቅ አለና። ዘይት ደግሞ በሊትር አካፍለሽ አወዳድሪ፤ ባለ 5 ሊትሩ ሁልጊዜ ከባለ 3ቱ አይረክስም።

መኪና ወይም ሞተር ካላችሁ የነዳጅ ዋጋ በመንግሥት ስለሚተመን ከማደያ ማደያ መዞር ትርፍ የለውም። እዚያ የሚገኘው የክፍያው ተመላሽ ብቻ ነው፣ እሱም ነዳጅን የሚያካትት ከሆነ። ከሆነም ያቺን 50 ብር ጣሪያ አብሮ እንደሚበላ አትርሱ፤ የባለቤትሽ ቁጥር ላይ ገና የ1,000 ብር ክፍተት አለ፣ ነዳጁ በእሱ ይከፈል።

ካሽ_ሬጅስተር
አንድ ነገር ልጨምር። 200 ነጥብ ሲሞላ ከእጥፍ ቀን ውጪ መንዝሪው። ብዙ ሲስተም በነጥብ ለተከፈለው ክፍል አዲስ ነጥብ አይሰጥም፤ የሞባይል ተመላሹም የሚታሰበው ከስልክሽ በወጣው ብር ላይ ብቻ ነው። እቃ ስትመልሺ ደግሞ ነጥቡ ይቀነሳል፣ ስለዚህ የምትጠራጠሪው እቃ ካለ ለብቻው ደረሰኝ ይቆረጥለት።

አስቤዛ_ሐዋሳ
ገባኝ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በአንድ ካርድ፣ በሁለት ስልክ። ጤፉን ለመካፈል አቶቴ አካባቢ ያላችሁ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፣ ሁለት ቤት ጎሎናል።