ቡና አፍልቼ ዕቃ ብሸጥ ያዋጣኛል ወይ?

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም እህቶቼ፣ እንዴት ናችሁ? አንድ ነገር ላማክራችሁ።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ በሳምንት አራት ሌሊት። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ትልቁ ልጃችን 6 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 3። ለቤት ኪራይ፣ ትንሿን ለምትይዝልን ሴትና ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ ካወጣን በኋላ ወሩ ሳይጋመስ እጃችን ያጥራል። በወር 400 ዶላር ባገኝ ብዙ ነገር ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት የማውቃት ልጅ ያዘችኝ። የወጥ ቤት ዕቃ የሚሸጥ ካምፓኒ ውስጥ ገብታለች። ሱቅ የለውም። አንዷ ቤቷ ጓደኞቿን ትጠራለች፣ ልጅቷ ሄዳ ዕቃውን ታሳያለች፣ ከተሸጠው 25 ከመቶ ይደርሳታል። ለመጀመር 179 ዶላር ከፍዬ የማሳያ ዕቃ እወስዳለሁ። «ከሥርሽ ሦስት ሰው ካስገባሽ ደግሞ ከእነሱም ሽያጭ ታገኛለሽ» ብላኛለች።

ሰው መጥራት አይከብደኝም። ቤቴ ቡና የማይፈላበት ቀን የለም። የምፈራው ሌላ ነው። ስደውልላቸው «ዛሬ ደግሞ ልትሸጥልን ነው» ብለው ቢሸሹኝስ? እዚህ አገር ዘመዶቼ እነሱ ናቸው። ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ እነሱ ናቸው። የሞከራችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

---

የጀበናዋ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ)

የኔ እህት፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ነገር ነው የታወሰኝ። እኔም ድስት፣ ቢላዋና ክዳን ያለው የላስቲክ ዕቃ ተሸክሜ ቤት ለቤት እየዞርኩ አራት ዓመት ሸጫለሁ። ካምፓኒው ይለያይ ይሆናል እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። የማውቀውን ልንገርሽ።

በሒሳቡ ልጀምር። የመጀመሪያ ዓመት ደብተሬ እስካሁን አለ። አንድ ዓርብ ማታ ስካይላይን አካባቢ አንዲት እህት ቤት ዘጠኝ ሴቶች ተሰበሰቡ። የተሸጠው 480 ዶላር ነው። የእኔ ድርሻ 120 ሆነ። ያን ቀን ቤቴ እየዘለልኩ ነው የገባሁት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብዬ ወጪውን ጻፍኩ። ቤንዚን 12 ዶላር፣ ይዤ የሄድኩት ዳቦና ፍራፍሬ 18፣ ካታሎግና ከረጢት 9። ቀሪው 81 ነው። ከዚያ ሰዓቱን ቆጠርኩ። ስልክ ስደውል አንድ ሰዓት ተኩል፣ መንገድ አንድ ሰዓት፣ እዚያ ቤት ሦስት ሰዓት። ዕቃው ሲመጣ ለያይቼ በየቤታቸው ለማድረስ ሌላ ሁለት ሰዓት ተኩል። በድምሩ ስምንት። በሰዓት ወደ 10 ዶላር ማለት ነው፤ ታክሱ ገና ሳይነሳለት። አንቺ ባለሽበት ሜሪላንድ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ15 ዶላር አያንስም። አንድ ሺፍት ብትጨምሪ ይበልጥሻል።

ይህን የምልሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ነው አሠራሬን የለወጥኩት። ማድረሱን ተውኩ። ዕቃው ሁሉ በጋባዧ ስም እሷ ቤት ይላካል፣ የገዙት እዚያው ሄደው ይወስዳሉ። ካምፓኒው ለጋባዧ በሽያጩ ልክ ነፃ ዕቃ ስለሚሰጥ አልከፋትም፤ ለእሷም ሁለተኛ ቡና ነው። መንገዱንም ቀነስኩ። ከቤቴ ከ15 ደቂቃ በላይ ከሚርቅ ቤት ጥሪ አልቀበልም ነበር።

ማሳየቱን ደግሞ እንደኛ አድርጊው። የካምፓኒው ወረቀት ፓስታ ቀቅይና አሳይ ይላል። የኛ ሴት ግን ድስት የምትገዛው ለወጥ ነው። ስለዚህ ሽንኩርት አቁላላሁ። ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ጠብታ ዘይት ሳይነካው፣ መካከለኛ እሳት ላይ። ድስቱ ቂጡ ወፍራም ስለሆነ ሽንኩርቱ ውሃውን ይተፋል፣ ይመጠጣል፣ ይቀላል፤ ግን አይዝም። ወሬው እንደቀጠለ አንዷ ትነሳለች፣ ማማሰያውን ከእጄ ትወስዳለች፣ የድስቱን ሥር ፋቅ ፋቅ አድርጋ ታየዋለች። እሷ ናት የምትሸጥልሽ። እኔ አፌን መክፈት አያስፈልገኝም ነበር። ሁዳዴ ሲገባም ችግር የለውም፣ ያው ሽንኩርት ወደ ሽሮ ይዞራል። በ55 ቀን ጾም ውስጥ ቺዝ እየፋቅሽ ብታሳዪ ማን ይቀምስልሻል?

ገዢውንም እወቂ። የላስቲኩ ዕቃ በጣም የሚሸጠው ክረምት ሲገባ ነው። ሰው ወደ አገር ቤት ይሄዳል። በአየር መንገዳችን ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው የሚፈቀደው። ዕቃው አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገባል፣ ኪሎ አይበላም፣ ለአክስትም ለጎረቤትም ስጦታ ይሆናል። ከራሳቸው ያስቀሩት ደግሞ ሲመለሱ በርበሬና ሽሮ ይሞላል። ይህን ካምፓኒው አያውቀውም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ ግንቦትና ሰኔ ላይ የምሠራው የሌላውን አምስት ወር ያህል ነበር።

አሁን ወደ ፈራሽው ነገር ልምጣ። መፍራትሽ ትክክል ነው።

በሁለተኛው ዓመት አንዲት ልጅ ቡናው ላይ መጣች። ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። ሌሎቹ ሲያዙ እሷም እስክሪብቶውን ያዘች። ጋባዧን ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ አንድ ድስት ጻፈች። 86 ዶላር። እኔ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ከዓመት በኋላ የልጇ ክርስትና ላይ ጠራችኝ። ጃኬቴን ላስቀምጥ ቁም ሣጥን ስከፍት ያ ድስት እስከ ካርቶኑ ተቀምጧል። ፕላስተሩ እንኳ አልተነሳም። ያኔ ልጅቷ ገና እንደመጣች ነበረች፣ ፓርኪንግ ነበር የምትሠራው። 86 ዶላር ለእሷ የስንት ሰዓት ድካም እንደሆነ አስቢው። ድስቱን ፈልጋው አልገዛችውም። ይሉኝታ ነው ያስገዛት፤ ያንን ይሉኝታ ደግሞ እኔ ነኝ ሸጬ የበላሁት። ጃኬቴን ሰቅዬ ወደ ሰው ተመለስኩ፣ ምግቡ ግን አልወረደልኝም።

ከዚያ ወዲህ ማንንም ፊት ለፊት አስጽፌ አላውቅም። ወረቀቱን ይዘው ይሄዳሉ። በሦስተኛው ቀን የፈለገች ትደውላለች፣ ያልደወለችውን አልጠይቃትም። መጀመሪያ ሽያጬ ወረደ፤ 480 የነበረው 300 ገባ። ግን የሚደውሉት የእውነት የፈለጉት ስለሆኑ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው ያዛሉ፣ ለእህታቸው ይነግራሉ። የስልኩ ትእዛዝ ቤንዚን የለው፣ ዳቦ የለው፣ ሰዓት የለው። በአራተኛው ዓመት ከገቢዬ ግማሹ ከዚያ ነበር። ጥሩ በምለው ወር 350 ዶላር ድረስ ይተርፈኝ ነበር፤ ሌላው ወር 150ም አይሞላም።

ለቅሶ ቤት ካታሎግ አይወጣም። ማኅበር ላይም አታውጪ። ለቡና ስትጠሪ በስልክ «ዕቃም አሳያለሁ» ብለሽ ቀድመሽ ንገሪ። ሳይነገራት የመጣች ሰው እንደተታለለች ነው የሚሰማት፣ እውነቷንም ነው።

«ከሥርሽ ሦስት አስገቢ» የሚለውን ግን ተዪው። እኔ ሁለት አስገብቻለሁ። አንዷ ካምፓኒው ውስጥ ያላትን ደረጃ ለመጠበቅ ብላ ከኪሷ የ600 ዶላር ዕቃ ገዝታ ጋራዥ ውስጥ ደረደረች። እኔም ከዚያ ግዢ ድርሻዬን በልቻለሁ። ዛሬ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ቡና ግን አንጠራራም።

---

ታክስ ሠሪው

እትዬ የጀበናዋ የጻፉት ላይ ትንሽ ልጨምር። ሥራዬ የሰው ታክስ መሙላት ነው፤ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ደንግጠው የሚመጡ እህቶችን አያለሁ።

እህቴ፣ ካምፓኒው ተቀጣሪ አያደርግሽም። ራስሽን ችለሽ እንደምትነግጂ ነው የሚቆጠረው። ከደመወዝሽ ላይ እንደሚቆረጠው ከኮሚሽንሽ ላይ ማንም አይቆርጥልሽም። ወጪሽ ተቀንሶ በዓመት የተረፈሽ 400 ዶላር ከደረሰ፣ ከገቢ ግብሩ ሌላ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) መዋጮ አለ፤ መጠኑ 15.3 ከመቶ ነው። ስለዚህ ከምታገኚው ሩቡን ያህል ለብቻው አስቀምጪ።

ወጪ ግን ይያዝልሻል። ለማሳየት የገዛሽው ድስት፣ ካታሎጉ፣ መንገዱ። በፈረንጆቹ 2025 መኪና ለሥራ የተነዳበት ማይል በ70 ሳንቲም ነበር የሚታሰበው። ብዙዎቹ ማይሉን ስለማይጽፉ ያጡታል። መኪናሽ ውስጥ ትንሽ ደብተር ይኑርሽ፦ ቀን፣ ከየት ወዴት፣ ስንት ማይል። የዕቃ ደረሰኝ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ለልጅሽ መጠበቂያ ከመንግሥት ድጎማ የምታገኚ ከሆነ ደግሞ ይህንን ገቢ ማሳወቅ ግዴታሽ ነው።

አንድ ሕግ ለገዢዎችሽም ንገሪ። በገዢዋ ቤት የተደረገ ሽያጭ ከ25 ዶላር ጀምሮ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ሊሰረዝ ይችላል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ደንብ ነው። የመሰረዣ ወረቀቱንም ሻጩ መስጠት አለበት።

ከመፈረምሽ በፊት «ሻጮቻችሁ በዓመት ስንት አገኙ የሚለውን ወረቀት አሳዩኝ» በይ። ብዙዎቹ ካምፓኒዎች ያወጡታል። ስታነቢው ከላይ ያሉትን ጥቂት ሰዎች ተዪና ብዙው ሰው ያለበትን መስመር እዪ። ዋናው ገንዘብ ከዕቃ ሳይሆን ሰው ከማስገባት የሚመጣ ከሆነ ፒራሚድ ነውና ሽሺ። ካምፓኒው ትልቅ ነው በሚል ብቻም አትተማመኚ። ይህን የቤት ግብዣ ሽያጭ በዓለም ያስለመደው ተፐርዌር ነው። በፈረንጆቹ 1951 ዕቃውን ከሱቅ አውጥቶ በሴቶች ግብዣ ብቻ መሸጥ ጀመረ፤ እሱም በመስከረም 2024 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ፍርድ ቤት ገብቷል።

---

ገርጂ (አዲስ አበባ)

እኛም ጋ ይሠራል። ካምፓኒ የለም እንጂ ነገሩ ያው ነው። እኔ ከዱባይ የሚመጣ የአልጋ ልብስና የልጆች ልብስ ሰፈር ቡና ላይ አሳያለሁ። እኔን የጎዳኝ ዱቤ ነው። «ደመወዝ ሲወጣ» ትልሻለች፣ ደመወዝ ወጥቶ ይገባል፣ አንቺ መጠየቅ ታፍሪያለሽ፣ እሷ አንቺ ያለሽበት ቡና መምጣት ታፍራለች። ገንዘቡንም ጎረቤቴንም ያጣሁበት ጊዜ አለ። አሁን ዕቃው የሚነሳው ቴሌብር ከገባ በኋላ ነው። ባለጌ ነች ያለኝ የለም።

---

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ የጀበናዋ፣ የጻፉትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩለት። የቁም ሣጥኑ ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ። እኔም እኮ እንደዚያ ሰው አፍሬ የገዛሁት መጥበሻ አለኝ።

ልጅቷን የገቢውን ወረቀት ጠየቅኳት። መጀመሪያ ቅር አላት፣ በኋላ ግን ላከችልኝ። አብዛኛው ሰው ያለበትን መስመር አየሁት። በወር 400 የሚያመጣ አይደለም። እሷም ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም ነበር።

ስለዚህ 179ኙን አልከፈልኩም። ሁለት ነገር አደረግኩ። በወር አንድ ተጨማሪ ሺፍት ጠይቄ ተፈቀደልኝ። ለሌላው ደግሞ ከልጅቷ ድስቱን ለአንድ ማታ ተዋስኩ፤ ሽያጩ በእሷ ስም ይሁን፣ እኔ እንዴት እንደሚሆንልኝ ልየው ብዬ። የፊታችን ዓርብ አምስት ሰው ጠርቻለሁ። ለአምስቱም ዕቃ እንደማሳይ ነግሬያቸዋለሁ። አንዷ «ለቡናው እመጣለሁ፣ ለድስቱ ግን ገንዘብ የለኝም» አለችኝ። ነይልኝ አልኳት፤ እኔም እሷም ቀለለን።

እትዬ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ሽንኩርቱን እዚያው ፊታቸው ልክተፍ ወይስ ከትፌ ልጠብቃቸው?

---

የጀበናዋ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ)

ጎሽ የኔ ልጅ። ከትፈሽ ጠብቂያቸው። አፓርትመንት ውስጥ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ሲከተፍ የልጆቹን ዓይን ያቃጥላል። የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህብሽ ደግሞ ከማቁላላትሽ በፊት መስኮቱን ክፈቺና ማራገቢያውን አብሪ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ይህን ሳላውቅ ፎቅ ሙሉ ሰው ደረጃ ላይ አስወጥቻለሁ። ድስቱን ከመመለስሽ በፊት ያቁላላሽውን ለአምስቱ በላስቲክ አካፍለሽ ስጫቸው፣ ለእሑድ ወጥ ይሆናቸዋል።